የላይኛው ፎቅ ዓይን

ግሬኖብል፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2022

ለእትዬ ሸድሊያ፣ ቀሊቢያ

አላህ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፤ ለጉልበትሽ ፈውስ፣ ለእጅሽ በረከት ይስጥልኝ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን የምለው ለወጉ ያህል ነው።

ያልደወልኩት ስልክሽን የሚያነሳው ባልሽ ላምጅድ ስለሆነ ነው። ደብዳቤ ግን ፖስታ ቤት ሲደርስ የሚለየው በአንቺው እጅ ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ኦገስት 3 ቀን «ሆስፒታሉ በአስቸኳይ ጠራኝ» ብዬ ልጄን አስከትዬ የወጣሁት ውሸቴን ነው። ማንም አልጠራኝም። በዓሣ የሠራሽው ኩስኩስ ገበታ ላይ ቀርቦ ነበር፤ ፊትሽ ሲጠቁር አይቻለሁ። አንቺን ለመናቅ አልነበረም።

ያን ቀን ልጄን ኢናስን ራሷን አሟት፣ የመስኮቱን የእንጨት መዝጊያ ዘግታ፣ በተከራየነው ላይኛው ፎቅ ጋደም ብላ ነበር። ቀትር ነው። ነጠላ ጫማዬን ለመፈለግ የስልኬን መብራት አብርቼ ስገባ ጣሪያው ላይ፣ ልክ ከአልጋው በላይ፣ አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች። ጭስ ሲሸተው ይጮኻል የተባለው ነጭ ክብ ዕቃ ላይ ነው።

«እማ፣ ወጥ ቤት ውስጥ እኮ እንዲህ ያለ የለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ጋዙ ያለው ወጥ ቤት፣ ጠባቂው ግን መኝታ ቤት። ወንበር ላይ ቆሜ ፈታሁት። ውስጡ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ መስታወት አለች፣ ከኋላዋ ሽቦ፣ ከጎኗ ሚሞሪ ካርድ።

ስምንት ቀን ከዚያ ሥር ተኝተናል፤ ልብሳችንን የለወጥነው ከዚያ ሥር ነው። ኢናስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቱኒስ ያደርንበት ሆቴል ስንደርስ ከነርስነት ቦርሳዬ ፕላስተር አውጥታ ሶኬቱን፣ የመስታወቱን ጠርዝ፣ የቴሌቪዥኑን መብራት ሁሉ ለጠፈችበት። እዚህም ቤታችን ከገባች ወዲህ እንዲሁ ነው የምታደርገው።

ዕቃውን ነቅዬ ይዤው መጥቻለሁ። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ አያቴና አያትሽ የአንድ እናት ልጆች ናቸውና ስለነሱ ብለሽ መልሺልኝ። ታውቂ ነበር?

አክባሪሽ ሰልዋ

*

ቀሊቢያ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2022

ለልጅ ሰልዋ

በአላህ ስም። ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ ከሰላምታው በኋላ ያለውን ግን ባላነበብኩት።

ሰው ዘመዱ ቤት ሲያርፍ ግድግዳውን ይጠርጋል እንጂ ጣሪያውን አይፈታም። ኩስኩሱን ለድመት ሰጠሁት። ጎረቤቶቼ «የፈረንሳይ ዘመዶችሽ ምነው ሳይሰናበቱን?» ሲሉኝ ሆስፒታል ተጠርታ ነው እያልኩ ስምሽን ስጠብቅ ከረምኩ። ለካ ስሜን ስታጠፊ ነው የከረምሽው።

ያ ዕቃ የእሳት ነው። አምና ከእኛ ማዶ ያለ ቤት የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ላምጅድ ደንግጦ ነው ያስገባው። ውስጡ ሌላ ነገር ካለበትም በጁላይ ተከራይተውን የነበሩ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ትተውት ሊሆን ይችላል። እኛ የተከራይ ሻንጣ አንፈትሽም፤ ገመና እናከብራለን። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፣ እናንተም እዚያ አገር በየመንገዱ ካሜራ ተሰቅሎባችሁ ስለምትኖሩ ሁሉም ሰው እንደዚያው ይመስላችኋል።

ለላምጅድ ነግሬዋለሁ። ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ትተሽበት ስለሄድሽ መጠየቁ አልቀረም። ሳቀና «እሷ ከልጅነቷም ወሬ ታበዛ ነበር» አለ። ዕቃውን ግን ከነካርዱ፣ ሳትነካኪው፣ በአደራ ፖስታ መልሺለት ብሏል። የሰው ንብረት ነው።

ለአጎቴ ቤተሰብም ሆነ ለማንም ይህን ወሬ እንዳትነግሪ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ለወግ የምትበቃ ልጅ ደግሞ ስሟ ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር ባይነሳ ይሻላታል።

ሸድሊያ

*

ግሬኖብል፣ ኦክቶበር 7 ቀን 2022

ለእትዬ ሸድሊያ

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ዕቃውን የተዉት የጁላይ ተከራዮች ከሆኑ ላምጅድ ምን ይሆነኛል ብሎ ነው ከነካርዱ የሚፈልገው? የእሳት መጠበቂያስ ካርድ ምን ያደርግለታል? አንቺ ሠላሳ ዓመት የሰው አድራሻ ስታነቢ የኖርሽ ሴት ነሽ። የራስሽን ደብዳቤ መልሰሽ አንብቢው።

ካርዱን ከፍቼ አየሁት። ለማየት ሳይሆን የልጄን ምስል ለማጥፋት ነበር የከፈትኩት፤ አላጠፋሁም። ከእያንዳንዱ ጥቂት ሰከንድ አይቼ ዘጋሁ። እኛ ብቻ አይደለንም ያለነው። ጸጉሯን በአንድ ጉንጉን የምትሠራ፣ ቀጠን ያለች ወጣት አለች። አልጋው ላይ እግሯን አጣጥፋ የተማሪ ደብተር ታርማለች። ከዚያ የሌሊት ልብሷን ልትለብስ ትነሳለች፤ እዚያ ላይ ዘጋሁት። ቀኑ ፌብሩዋሪ ይላል። ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ የጁላይ ተከራዮችሽ አልነበሩም።

የመጀመሪያው ምስል የሰው ፊት ነው። ወንበር ላይ ቆሞ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ መስታወቷን ወደ አልጋው የሚያስተካክል ሰው። ማን እንደሆነ ከጠየቅሽኝ እጽፍልሻለሁ። ካልጠየቅሽኝ አልጽፍም።

በብርድ ወራት ላይኛውን ፎቅ የምትከራየው ማን ናት? ስሟን ንገሪኝ። ይህ ከእኔና ከአንቺ ጠብ በላይ ነው።

ሰልዋ

*

ቀሊቢያ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2022

ሰልዋ ሆይ

አላህ ልብ ይስጥሽ፤ ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

ስድስት ሳምንት ዝም ያልኩት ወረቀት አጥቼ አይደለም። ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር እጄ ስድብ ስድቡን ብቻ ይጽፋል። ይኸው ዛሬም ሌላ አልወጣውም።

አንቺ ማን ሆነሽ ነው ቤቴን የምትመረምሪው? አባትሽ ሲሞት ለቀብር ሁለት ቀን ዘግይተሽ የመጣሽ፣ የቅርብ ሥጋችን ሳትሆኚ በሦስተኛ ቤት የምትቆጠሪ ዘመድ! ባሌ በእናቱ ምሎልኛል። የእናቱን ስም በውሸት የሚጠራ ሰው አይደለም። ደግሞም ሕግ ጠይቋል፤ የሰው ዕቃ ሰርቀሽ ባሕር ያሻገርሽ፣ የሰው ልጅ ገላ ያለበትን ካርድ ቤትሽ ከተሽ የምታዪ አንቺ ነሽ። «እሷ ናት ልትከሰስ የሚገባት» አለኝ። እኔም እንዲያ እላለሁ።

ተከራያችን ዑልፋ ትባላለች፤ ከካፍ ከተማ የመጣች የሒሳብ መምህር ናት። ይኸው ከሴፕቴምበር ጀምራ እንደ አምናው ተመልሳ ላይኛው ፎቅ ናት፤ በሰላም ገብታ በሰላም ትወጣለች፣ ስታየኝ እጄን ትስማለች። አንድ ቀን አማርራ አታውቅም። እሷ ያላማረረችውን አንቺ ምን አገባሽ? የማታውቀውን አሳውቀሽ እንቅልፏን ልትነሻት ነው? ብትነግሪያት ወንድሞቿ ከካፍ ድረስ መጥተው መጀመሪያ እሷን ነው የሚወስዷት፤ ትምህርት ቤቷም ይቀራል። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል። ይህን አስበሽዋል?

ካርዱን አቃጥይው። አቃጠልኩት ብለሽ ጻፊልኝ። ከዚያ ወዲህ እንዳትጽፊልኝ።

ሸድሊያ

*

ግሬኖብል፣ ኖቬምበር 29 ቀን 2022

ሸድሊያ

ሰላም። «እትዬ» የሚለውን ለዛሬ ትቼዋለሁ።

አሁን ላይ ናት? አሁን፣ ይህን ስትጽፊ፣ ከራስሽ በላይ በጣሪያው ወዲያ ስትራመድ እየሰማሽ ነው የጻፍሽልኝ?

የፊቱን ባለቤት አልጠየቅሽኝም። አለመጠየቅሽ መልስ ነው።

እኔ ነቅዬ የሄድኩት አንዱን ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንዱ ሲነቀልበት ሌላ ይተክላል፤ ዲሽና ሽቦ ሲገጥም የኖረ እጅ ይህ አይከብደውም። መስኮቱን ዝጊ፣ መብራቱን አጥፊ፣ የስልክሽን መብራት ከዓይንሽ አጠገብ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ግድግዳውን ዙሪው። ወደ አልጋውና ወደ መታጠቢያው የሚያይ ማንኛውንም ዕቃ እዪ፤ ሰዓት፣ ቻርጀር፣ ሶኬት። መስታወት ካለ መልሶ ያበራልሻል። ምንም ካላገኘሽ እኔን ስደቢኝ፣ ይገባኛል።

እስከ ዲሴምበር 15 እጠብቃለሁ። እስከዚያ ለዑልፋ ካልነገርሽ ቀሊቢያ ላሉት ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እጽፋለሁ፤ «ዑልፋ ለምትባል የሒሳብ መምህር በእጇ ይሰጥ» ብዬ። ያኔ ነገሩን የምትሰማው ከማታውቃት ሴት ነው። ካንቺ ብትሰማ ይሻላታል።

ሰልዋ

*

ቀሊቢያ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2023

ለሰልዋ

ሰላም ልበልሽ ወይስ አልበልሽ ብዬ ወረቀቱን ሁለት ቀን አስቀመጥኩት። ይሁን፣ ሰላም ላንቺ። ለኢናስ ግን ከልቤ ነው።

ደብዳቤሽን በዲሴምበር መጀመሪያ፣ ማኅተም የምመታበት ጠረጴዛ ላይ ቆሜ አነበብኩት። በማግስቱ ላምጅድ ሽቦ ሊገዛ ናቡል ሄደ፣ ዑልፋም ትምህርት ቤት። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ ትርፉን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። አንቺን ልሰድብሽ ነው የወጣሁት፤ «ፈለግኩ፣ አጣሁ፣ ወሬኛ» ብዬ ልጽፍልሽ። መስኮቱን ዘጋሁ። ጣሪያው ባዶ ነው፣ ቀዳዳሽን በጀሶ ደፍኖታል። ሶኬቱም ባዶ። ልቤ ደስ ሊለው ሲል ከአልጋው ፊት ለፊት መደርደሪያ ላይ ያለው ሰዓት እንደ ዓሣ ዓይን አብለጨለጨብኝ።

ያን ሰዓት ለዑልፋ የሰጠኋት እኔ ነኝ። በኦክቶበር መጀመሪያ። ላምጅድ በሚያምር ወረቀት ጠቅልሎ «ለመምህርቷ ስጫት፣ ከሥራ እንዳትዘገይ፤ ከኔ ስትቀበል ታፍራለች፣ አንቺ ስጫት» አለኝ። የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ያኔ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰልዋ፣ እያወቅኩ አይደለም። ግን አላወቅኩም ብዬም መማል አልችልም። ደረጃውን ስወጣ ዕቃው ከበደኝ፤ የሰዓት ክብደት አልነበረም።

አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ደብተሮቿን ታቅፋ ገባች።

«ምነው እትዬ ሸድሊያ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ይህን ሰዓት ማን ነው የሰጠሽ?»

«አንቺ ነሻ!» ሳቀች።

«ውስጡ ዓይን አለ።»

ቀልድ መስሏት ቆየች። ከዚያ ሄዳ አየችው። ዘወር አላደረገችውም፣ አልነካችውም፤ ከጎኑ ብቻ ቆማ አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይሄኛው ከሁለት ወር ወዲህ። በፊት ጣሪያው ላይ ነበር።»

«ጣሪያው ላይ ከመቼ?»

«አምና እዚህ ከመጣሽ ጀምሮ ይመስለኛል።»

«አንቺስ? አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከሴፕቴምበር» አልኩ።

«ውጪልኝ» አለችኝ። ከገዛ ቤቴ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ጥቂት ቆይታ ካፖርቷን ለብሳ፣ ሻርፗን አስራ ወጣች። ሰዓቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ባለበት ትታዋለች። በሩን ቆለፈችና ትርፉንም ቁልፍ ተቀበለችኝ።

«ፖሊስ ጣቢያ ትመጫለሽ። ብቻዬን ብሄድ ተከራይና አከራይ ተጣሉ ይሉኛል። አንቺ ነሽ የምትናገሪው።»

እኔ በመንገዱ በዚህ ዳር፣ እሷ በዚያ ዳር፣ እስከ ጣቢያው ድረስ ሄድን። እዚያ አንዱ ፖሊስ «ማን አስቀመጠው?» ሲል ዑልፋ ዞራ አየችኝ። «ባሌ» አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠራው የኖርኩት ቃል እንዲያ ይከብዳል ብዬ አላስብም ነበር።

ላምጅድን ከናቡል ሲመለስ ከታክሲው እንደወረደ ያዙት። ከሱቁ ሌሎች ካርዶች ወጡ። አሁን ወንድሞቹ በሬን ይደበድባሉ፤ «ቃልሽን ለውጪ፣ ባልሽን አስበላሽ» ይላሉ። እናቱ ገበያ መሃል ከፊቴ ምራቋን ተፋች። ፖስታ ቤት ሰው ሌላ መስኮት ይሰለፋል። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ሲባል እሰማ ነበር፤ ላምጅድ በጠባቂ ተይዞ ሳለ እንኳ «ምን አደረግኩሽ?» ብሎኝ ልቤን አደረቀው።

የዑልፋ ወንድሞች መጥተዋል። እንዳልኩሽ ሊወስዷት ነበር። እሷ ግን «ያጠፋሁት የለም፣ የማስተምራቸው ልጆች አሉኝ» ብላ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ገባች። ባየችኝ ጊዜ መንገድ ትቀይራለች። አልፈርድባትም።

እንግዲህ ስላንቺ። አመሰግንሻለሁ የምል እንዳይመስልሽ። የጣቢያው አዛዥ ያንቺን ነገር ሲሰማ ምን እንዳለ ልንገርሽ። «ያቺ ዘመድሽ ሳትነቅለው ፎቶ አንስታ፣ በዚያው ሰዓት ጠርታን ቢሆን ኦገስት 3 ቀን እንይዘው ነበር» አለ። ኦገስት 3! ዑልፋ የተመለሰችው በሴፕቴምበር አጋማሽ ነው። አንቺ ያንቺን ልጅ ይዘሽ ወጣሽ፣ ዕቃውን ቦርሳሽ ከተትሽ፣ ከአንድ ወር በላይ ዝም አልሽ፣ ከዚያ ለእኔ ጻፍሽ፤ ለእሱ ሚስት። ካንቺ በኋላ እዚያ አልጋ ላይ ሰው እንደሚተኛ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው? በኦገስት ማብቂያ ከስፋቅስ የመጡ አዲስ ሙሽሮች ተከራይተውን ነበር፤ ያኔ ጣሪያው ላይ ሌላ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም፣ አላህ ይወቀው። እኔ ከሁለት ወር በላይ ዝም አልኩ። አንቺም የራስሽን ቁጠሪ።

መርማሪው ዳኛ ካርዱን ይፈልጋል። በፖስታ እንዳትልኪው። ዑልፋ «ካሁን በኋላ በማንም እጅ እንዳያልፍ» ብላለች። ራስሽ አምጪው። ችሎቱ ማርች 14 ነው። ቤቴ እንዳታርፊ።

ሸድሊያ

*

ግሬኖብል፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2023

ለእትዬ ሸድሊያ

ሰላም ይብዛልሽ። «እትዬ» ያልኩሽ ታርቀን አይደለም። በፖሊስ ፊት ቆመሽ «ባሌ» ማለት እኔ የማልችለው ስለሆነ ነው።

ቆጠርኩ። ከኦገስት 3 እስከ ሴፕቴምበር 6 ሠላሳ አራት ቀን ነው። ሥራ በዝቶብኝ እንደነበር፣ ኢናስ እንደታመመች፣ ሰበብ አዘጋጅቼ ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር። ቀደድኩት። እውነቱ ይህ ነው፤ ፈራሁ። «ምን ምን አየ?» ብለው ዘመዶቻችን ሲንሾካሾኩ ታየኝ። ፖሊስ ብጠራ ልጄን ከፊቴ አቁመው ምን ለብሰሽ ነበር ሲሏት ታየኝ። ቱኒስ በነበርንበት ሌሊት ኢናስ «እማ፣ እንመለስና እናመልክት፤ ሌላ ሰው ይገባል» ብላኝ ነበር። «አርፈሽ ተኚ፣ ስምሽን አታስነሺ» አልኳት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንቺ የጻፍሽልኝን ያንኑ ቃል ነው ለልጄ የተናገርኩት፤ ስምሽ አይነሳ። በደብዳቤሽ ሳነበው የተናደድኩት ከራሴ አፍ የወጣ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤሽን ኢናስ አነበበችው። ከጠረጴዛው ላይ አግኝታ ነው። ማታ ወደ ክፍሌ መጣችና «ስለ ሙሽሮቹ ያለው እውነት ነው?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። «ለምን አታውቂም? ማወቅ ስላልፈለግሽ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። ቁርስ አቀርባለሁ፣ ቆማ ትበላለች፣ ትወጣለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ጠበቃ ጋ ሄደን። የቱኒስ ሰው ነው፣ እዚህ ይሠራል፣ ቀና ሽማግሌ። «ልጄ፣ በጽሑፍ መመስከር ትችያለሽ። ስምሽ እንዲሸሸግ እናመለክታለን፤ በር ተዘግቶ ይሰማል፣ ማንም አያውቅም» አላት። እኔ ተንፈስ አልኩ። አላህን አመሰገንኩ።

ኢናስ ግን «አይሆንም» አለች። «እሄዳለሁ። ስሜን ጻፉት፤ ሙሉውን፣ የአባቴንም የአያቴንም። የተደበቀው እሱ ነው፣ እኔ ምን አድርጌ ነው የምደበቀው?»

ጠበቃው ወደ እኔ ዞረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሟን ስጠብቅ የኖርኩት እናቷ፣ «ጻፉላት» አልኩ።

ማርች 13 ቱኒስ እንገባለን። ካርዱ በኔ ቦርሳ ሳይሆን አብሮን በሚጓዘው ጠበቃ እጅ፣ ማንም እንዳይከፍተው በታሸገ ፖስታ ነው የሚመጣው። ቤትሽ አናርፍም፤ እንዳርፍም አልጠይቅም። የስፋቅሶቹን ሙሽሮች አድራሻ የኪራይ ደብተራችሁ ላይ ካለ ለዳኛው ስጪልኝ። ለእነሱ ቆሜ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ያንን ለማንም አልሰጥም።

ኢናስ ለዑልፋ በትምህርት ቤቷ በኩል ጻፈችላት። ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም። መልስ መጥቷል፤ እሱንም አላሳየችኝም። አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፤ በችሎቱ ቀን ሁለቱ ጎን ለጎን ለመቀመጥ ተስማምተዋል።

እኔና አንቺ የት እንደምንቀመጥ ጠየቅኳት። አልነገረችኝም።

ሰልዋ